የበርቅ እርምጃ

ውድ ዙበይዳ፣

የዱዝ በረሃ አሸዋ እንደ አገራችን እንደ ኬፍ መሬት አይጸናም፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ትናንት በውሾች የቁንጅና ውድድር በርቅን ይዤ በዳኛው ፊት ሳልፍ፣ «እማማ፣ ውሻዎ ያነክሳል፤ ያስወጡት» አለኝ። የበርቅ እግር ጤነኛ ነው። እርምጃውን ከእርምጃዬ እንዳያዛንፍ አጥብቄ ስላስተማርኩት፣ እኔ ሳነክስ እያየ እሱም ያነክሳል።

ተፎካካሪዬ መብሩካ ሳቀች። «ገመዱን ለእኔ ይስጡኝ እንጂ እትዬ፤ ይዤው አልጠፋም!»

ውሻ ባሳደግኩበት ሃምሳ ዓመት ገመዴን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ሰጠኋት። በዳኛው ፊት ደግማ ስታሳልፈው በርቅ አሸዋውን ሳይነካው የሚሮጥ መሰለ፤ ከእሷ ውሻ በልጦ አንደኛ ወጣ። «በገዛ ውሻዬ ላይ አስፈረድኩ» አለችኝ መብሩካ።

ፖስትካርዱ ሊሞላ ነው። ገመዱን ስትለምነኝ እምቢ ላልኳት ልጅሽ ለሐየት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስመለስ ጠዋት ጠዋት በርቅን እሷ ታሩጠው።

ራድያ