እናታችን የጠራችው አፍራሽ

ውድ አያ ምንይችል፣

የተከበርክ የሴል ሊቅ፣ የአራዳው ቤታችን ጠባቂ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ በቀረችን አንዲት ክፍል ደኅና ነን። የሳሎኑን ጣሪያ ካነሳህ ወዲህ ዝናቡም እንደ ቅርብ ዘመድ ሳይጠራ ይገባል።

በአባታችን ተዝካር ሽማግሌዎቹ የእሱን ጋቢ ትከሻህ ላይ ጥለው «ቤቱን ጠብቅ» ሲሉህ አለቀስክ። ከዩኒቨርሲቲው ቤት ወጥተህ እኛ ዘንድ ግባ ብላ የለመነችህም እማዬ ናት። መጣህ። ወጥ ቤቱ አርጅቷል ብለህ አፈረስከው። አዲስ ሊሠራ ነበር።

ሐኪሙ የመገጣጠሚያ በሽታው የእማዬን አጥንት እየበላ ነው ያለ ቀን፣ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠህ ሌክቸር ሰጠሃት። የሰውነት ዘብ የሚሆኑ ሴሎች ከመቅኒ ይወለዳሉ፣ በደም ይዘዋወራሉ አልካት። አጥንት ዘንድ ሲደርሱ ግን መልእክት ይቀበሉና ጠባያቸው ይለወጣል፤ እርስ በርስ ተዋህደው ግዙፍ ይሆናሉ፤ አጥንቱ ላይ ተለጥፈው አሲድ እያፈሰሱ ያሟሙታል። ክፉዎች አይደሉም፣ አሮጌው ካልተነሳ አዲሱ አይተካም አልክ። መገጣጠሚያ ሲቆጣ ግን መልእክቱ ይበዛና አፍራሹ ገንቢውን ይቀድመዋል።

«ማነው የሚጠራቸው?» አለችህ።

«አጥንት ገንቢዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ እማዬ።»

አንተ ትምህርቱ የገባት መሰለህ። በእርግጥም ገብቷታል፤ ዓይኗ በመስኮቱ የወጥ ቤቱ ፍርስራሽ ላይ ነበር።

ከዚያ ሳሎኑ ተሰነጠቀ አልክ። የሚስትህ ወንድም ፊልጶስ ተጨመረ፣ ደላላው ካሣዬ ተጨመረ፤ ሦስታችሁ ተዋህዳችሁ ብዙ ራስና አንድ አፍ ያለው ፍጡር ሆናችሁ። ሳይንስህን በቤታችን በተግባር አየነው፤ ምስጋናችን ይድረስህ። አናጢ ግን እስከ ዛሬ ደጃችንን አልረገጠም።

አሁን ደግሞ ረቡዕ ይህችንም ክፍል የሚያፈርስ ሠራተኛ እንደያዝክ ፊልጶስ ነገረን። እማዬ ለጊዜው ማክሰኝት ከተማ አክስታችን ዘንድ ትረፍ ብለሃል አሉ። ይኸ «ለጊዜው» የምትለው ነገር ወጥ ቤቱንም ወስዶ አልመለሰውም።

ትናንት እነዚያኑ ሽማግሌዎች ጠራኋቸው። ከመካከላቸው አያ አድማሴ፣ ልጁ ያሰበው ሸጋ ነገር ይኖር ይሆናል እያሉ ሊያለሳልሱ ሞከሩ። እማዬ ግን እኔ እንድመልስላቸው አልፈቀደችም፤ ክንዴን ተደግፋ ተነሳች። ስንት ወር እህል እንኳ ተኝታ የምትቀምስ ሴት ቆመች።

«የጠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ዛሬ አሰናብቼዋለሁ። ጠባቂ የለኝም በሉልኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ አድማሴ አቀርቅረው እማዬን በስሟ እየጠሩ፣ «እንዳልሽው ይሁን፣ ታየች» አሉ። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ ስምህን ስትጠራ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ስለዚህ ረቡዕ አትምጣ። እናትህን ልትጠይቅ ከፈለግህ ሌላ ቀን ብቻህን ና፤ እንደ እንግዳ ደጅ ቆመህ ተጣራ። ትከፍትልህ ይሆናል፣ እናት ናት። ቁልፉ ግን እኔ ዘንድ ነው።

እኅትህ ሰርካለም