ያልተቆጠረችው አስካለ

ታኅሣሥ 4፣ ከጠ. 3 ሰዓት

የክራሬ ክር ተበጠሰ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው። የደ/ብርሃን ብርድ ክር ይበጥሳል፣ እኔን ግን አልቻለኝም። የስቱዲዮው ባለቤት ሳሚ ግድግዳውን በሙሉ በብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ድምፅ እንዳይገባ ነው ይላል። በርዶት ነው እንጂ።

የውሃ ወረፋዋን ዘፈን ስቀዳ የሚኒባስ ረዳት ጩኸት ከውጭ ገባ። ሳሚ ይሰረዝ አለ። ይቆይ አልኩ፤ ረዳት ውሃ አይጠማውም እንዴ? ተናደደ። ሻዩ ውስጥ ጨው መጨመሬም ነገሩን አላቀለለውም።

ስማኝ ደብተር። የአልበሜ አምስቱ ዘፈኖች አልቀዋል። ወረፋዋ፣ ከ8ኛ ክፍል ወስደው የዳሯት ጓደኛዬ፣ የመሬት ደላላው፣ ሥራ ፈቱ ባለ ዲግሪ (እኔ ያልጨረስኩት ት/ቤት እሱንም አልጠቀመውም)፣ የቀን ሠራተኛዋ። ስድስተኛዋ አስካለ ናት። የአባዬ እናት። አንኮበር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሰው ድስቷን ይገዛል፣ እሷን ግን ቡዳ ይላታል፤ ከቤቷ አይበላም፣ ልጇን አያገባም። እንዲህ ነው ያልኳቸው፦

ከድስቷ ጨልፋችሁ በልታችሁ ጠግባችሁ፣
ስሟ ሲጠራማ ምነው አነቃችሁ?

ሳሚ ሁለቴ አስደገመኝ። ጨውዋን ረሳት መሰለኝ።

ታኅሣሥ 7፣ ማታ 1 ሰዓት

ወንድሜ ደረጀ የዓመቱ ቂል ነው። ስድስተኛዋን በስልኩ ላክሁለት፣ ለብቻው እንዲሰማ። እሱ ደስ ብሎት ይዟት አባዬ የሚሠራበት ወፍጮ ቤት ሄደ። እህል ይዞ ለተሰለፈው ሁሉ ከፈተው። የእህቴ ነው እያለ። አስካለ፣ አስካለ፣ አስካለ።

አባዬ ዱቄት እንደለበሰ መጣ። ሙት ተነሣ አልኩት። አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቻችን ከአባዬ ጋር እነዋሪ ሄደው ሰናይትን ለደረጀ ጠየቁ። ከመስጠት በፊት ዘር ይቆጠራል፣ ሰባት ቤት ወደ ኋላ፣ በአባትም በእናትም። አባዬ እናቱ ጋ ሲደርስ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነበረች ብሎ አለፋት። ነገደችማ! እንስራ በጀርባዋ አዝላ፣ ያን የአንኮበር ቁልቁለት ወርዳ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ተቆርጧል። አሁን ዘፈኔ ወጥቶ እነዋሪ ከደረሰ ሠርግ የለም።

አባዬ ወይ ስሟን ቀይሪ ወይ ዘፈኑን ተዪ አለኝ። ምን ልበላት፣ እቴጌ? አልኩት። በሩን ዘግቶ ወጣ። እኔም አኮረፍኩ። ራት በላሁ ግን።

ታኅሣሥ 8፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ምሳውን ወፍጮ ቤት አደረስኩለት። ላበሽቀው ነበር የሄድኩት። ውሃ በመዳፉ ሲጠጣ አገኘሁት። ሁሌም እንደዚያ ነው የሚጠጣው፣ ሁሌም እተርበዋለሁ፤ ብርጭቆ ተፈልስፏል እኮ እለዋለሁ። ዛሬም አልኩት።

ነገረኝ። አንኮበር ተማሪ እያለ በርሜሉ ላይ አንድ ጣሳ ነበረች። ልጆቹ እሱን አያስነኩትም። የሸክላ ሠሪ ልጅ በእጁ ይጠጣ። እጁ በዚያው ለመደ።

ይሄን ሁሉ ዓመት እየሳቅኩበት። ምሳውን ፈትቼ አቀረብኩለት። እኔ! ሳልተርበው!

ስሟን እቀይረዋለሁ አልኩት። ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ፣ ፀጉሬ በዱቄት ሸበተ።

ታኅሣሥ 10፣ ከጠ. 4 ሰዓት

አልማዝ ብዬ ዘፈንኩ። ዜማው ይገጥማል፣ ቤቱ ይመታል። ሳሚ ማንም አያውቅም አለ። እኔስ? እኔ ማንም አይደለሁም? ከቀረጻው ክፍል ወጥቼ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። አልማዝ የምትባል ሸክላ ሠሪ የለችኝም።

የባሰው ደግሞ ቤት ጠበቀኝ። ወፍጮ ቤት ከሰሙት አንዱ ለሰናይት አባት፣ ለአቶ ታደሰ፣ አድርሶላቸዋል። መልእክት ልከዋል፦ ቅዳሜ ዘር እንደገና ይቆጠር፣ አባትየውም ተመልሶ ይምጣ።

ደረጀ ለሰናይት ድሮ ነግሯታል ለካ። ምንም አልመሰላትም። ታዲያ ዘር የምትቆጥረው እሷ አይደለችም።

አባዬ እኔም እንድሄድ ፈለገ። አፌን ዘግቼ። ማልኩለት። ክራሬንም ቤት ተውኩ፣ ለጥንቃቄ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ፣ ከእነዋሪ ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ። ፊደሌ ተንጋዷል፣ መንገዱ ነው።

አሥር ሽማግሌ። ጋቢ ብቻ። እኔ በር ሥር፣ ምላሴን ነክሼ። አባዬ በአባቱ ወገን ሰባቱን ቆጠረ፣ አልተደናቀፈም። አቶ ታደሰ ፈገግ አሉ።

«የእናትህን ወገን ድገምልን እስቲ። ባለፈው ጆሯችን ደክሞ ይሆናል።»

አባዬ ብድግ አለ። ሊዋሽ ነው ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ልወቅሰው አልፈለግኩም፣ እውነቴን ነው።

«አስካለ ወልዴ» አለ። «አንኮበር። ሸክላ ሠሪ። ያጠባችኝ እሷ ናት። ባለፈው የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጆቼ አይደሉም።»

ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። አየሁ። አባዬም አይቷል። አልተቀመጠም፣ ቀጠለ፤ የእሷን አባት፣ የእሷን አያት፣ እኔ ሰምቻቸው የማላውቃቸውን ስሞች፣ ሁሉም ሸክላ ሠሪ፣ እስከ ሰባት። አቶ ታደሰ እንመክርበታለን አሉ። መልሱ ረቡዕ ነው።

አውቶቡሱ ሲነሣ አባዬ የዘፈኑን ግጥም በይልኝ አለኝ። አልኩለት። በእንጨት ተኩሳ የሚለው ላይ ተሳስተሻል አለ። ሸክላ በእንጨት ብቻ አይተኮስም፤ ኩበት ይከመርበታል፣ በእንጨት ብቻማ ይሰነጠቃል። ልጇ አይደለሁ እንዴ? አለ። እንዲህ ሲኮራ አይቼው አላውቅም። አሁን ተኝቷል፣ ያንኮራፋል። አፍንጫውን በእስክሪብቶ ልነካው ነበር። ተውኩት።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ፣ ከጠ. 5 ሰዓት

ኩበቱ ገባ። ስሟም ተመለሰ። ሳሚ ደግ ሰው ነው፣ ፈሪ ነው እንጂ፤ እስከ ረቡዕ እንቆይ፣ እሺ ካሉ በኋላ እንልቀቀው ይላል። ደረጀን ጠየቅኩት። ሠርጉ የእሱ ነው፣ ቢቆጣኝም አይፈረድበትም። ጥፍሩን በላ። ከዚያ፦

«እሷን ደብቄ ባገባ፣ ለልጄ ዘር ስቆጥር እሷ ጋ ስደርስ ምን ልል ነው?»

ቂል ያልኩትን ሰርዤዋለሁ። ለዛሬ ብቻ።

ሰናይት ደወለች። ቤታቸው ጭቅጭቅ ነው። እናቷ አልቅሰዋል፣ አባቷ አይናገሩም። እሷ ግን ዘፈኑን ላኪልኝ አለች። ላክሁላት። እስካሁን አልመለሰችም። ይኸው ስልኩን አስር ጊዜ አየሁት።

የፈራሁ እንዳይመስልህ ደብተር። ትንሽ ፈርቻለሁ። ደረጀን እያየሁ ነው የፈራሁት።

ሳሚ የአልበሙ ስም ምን ይሁን አለ። አስካለ ወልዴ። ከነአባቷ ስም። ስድስተኛዋ አንደኛ ሆና ትገባለች።

መልሳቸው ረቡዕ ነው። እኛ ማክሰኞ እንለቀዋለን።