የገጽ አራት ተቀባይ

ለተከበሩ የባሕር ማዶ ጊዜያዊ ሥራ አገናኝ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝብዎ፣ ልጆችዎም በየዕለቱ በሰላም ወጥተው በሰላም እንዲገቡልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ይህችን ደብዳቤ አራት ጊዜ ከመገልበጤ በቀር።

ሠላሳ አንድ ዓመት በመሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የመጨረሻ ልጄ በመልካም ፈቃድዎ በባሕር ማዶ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ለአምስት ወር እንድትሠራ ተመርጣ በመጪው ሐሙስ ትበራለች። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም በጣም ጥሩ ነው፤ ዜናውን የሰማን ዕለት ቤታችን በእልልታ ሊፈርስ ነበር። ውለታዎን ሳልዘነጋ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የውል ፎርምዎ ገጽ አራት አናት ላይ «ተቀባይ» የምትል ሣጥን አለች፤ ሙሉ ስም፣ ዝምድና፣ ስልክና ፊርማ ትጠይቃለች። እኛ ቤት ምን ያህል እንዳከራከረችን ቢያዩ በሳቅ ይሞቱ ነበር። ልጅቷ የምትልከውን ገንዘብ የሚቀበላት ሰው ማለት መስሎን፣ ታላቅ ወንድሟ እኔ እያለሁ እንዴት ተደርጎ ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ፤ ባለቤቴ የወለድኳት እኔ ነኝ ብላ ተነሣች፤ በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩና መነጽሬን ወልውዬ፣ ዕድሜ ልኬን ያሳመርኳትን ፊርማ ጣል አደረግሁ። ባለቤቴም ተሸነፍኩ ሳትል፣ ተቀባዩ እኮ የእኔ ባል ነው እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

፪. ማክሰኞ ጠዋት፣ ተቀባይ የባንክ ደብተር ማቅረብ ይኖርበት እንደሆነ ልጠይቅ ወደ መስኮት ቁጥር ሁለት ቀረብኩ። ማስቲካ የምታኝከው ጸሐፊዎ፣ ትሕትናዋ አይጉደልብን፣ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገልጣ በጥፍሯ አሳየችኝ። በገጽ ሦስት ግርጌ ብቻዋን የተንጠለጠለች አንዲት መስመር ነበረች፦ «ሠራተኛው በሕይወት ካልተመለሰ»። ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል። ቀጣዩን ሲገልጡት «ተቀባይ» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ።

ክቡር ሆይ፣ ርእስን ከሥሩ ካለው ጽሑፍ ነጥሎ ገጽ ግርጌ ላይ መተው በእኛ ጊዜ ደመወዝ ያስቀጣ ነበር። ስንቱን ጀማሪ በዚህ ተቆጥቼ አስለቅሻለሁ መሰለዎ! ያንን ጥፋት በገዛ ልጄ ውል ላይ ሳላየው አለፍኩ። ጸሐፊዎ ፊቴን አይታ ሳቀችና፣ ኧረ አባባ፣ ለፎርማሊቲ ነው አለችኝ። ውሉን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ምን አስዋሸኝ፣ ፈራሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

፫. ለመሆኑ ዓሣ ማሸግ ይህን ያህል የሚያስከፍለው ምን ቢኖርበት ነው? ውሉን ደግሜ ሳነበው ደመወዙ በሁለት መስመር ያልቃል፤ የሥራ ሰዓቱ «እንደ ሁኔታው» ተብሎ ታልፏል፤ ስለ ሌላኛው ሣጥን ግን፣ ክቡርነትዎ የገባዎት ይመስለኛል፣ ማን እንደሚሸኘው፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ በየትኛው በር እንደሚወጣ ሳይቀር ሙሉ ገጽ ተጽፏል። ባለፈው ዓመት ከሄዱት ስንቱ ተመለሱ ብዬ ብጠይቅ፣ ይህ መስኮት ለሚሄዱት ነው፣ የሚመለሱት የሌላ ክፍል ናቸው ተባልኩ። ክፍሉን ፈልጌ አገኘሁት። ተቆልፏል፤ እጀታው ላይ ያለው አቧራ እጄን አቆሸሸው።

፬. ይኼኛው እንኳ እርስዎን አይመለከትም፤ ግን ለማን ልንገረው? ልጄ የምትሠራው በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ እጇን ለማለማመድ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በረዶ የተጨመረበት ሳፋ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ወንድሟ ሰዓት ይይዝላታል፤ እየተሳሳቁ ነው። ትናንት አሥር ደቂቃ ሞላላት። አባዬ እስቲ ንካው ብላ ያንን እጅ ጉንጬ ላይ አደረገችው። የተነካሁት ከወዲያ ማዶ መሰለኝ። ጎበዝ አልኳትና ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ለእሷም ለእናቷም እስካሁን አልነገርኩም። ቁጭ ብዬ ልጀምር እልና፣ የገዛችውን ጓንት አውጥታ ስታሳየኝ ስፌቱን ማድነቅ እጀምራለሁ። ለክቡርነትዎ በግል መጻፍ እየቻልኩ በጋዜጣ ለምን እንደጻፍኩ ቢገርምዎ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ልጄ ጋዜጣ ታነባለች። ይህን አንብባ ልሂድ ብትል አልይዛትም፤ ነገር ግን የገጽ ሦስትን ግርጌ አይታ ትሂድ። እስከ ሐሙስ ድረስ ስንት ሄደው ስንት እንደተመለሱ፣ በቁጥር ብቻ፣ አንድ መስመር ቢጽፉልን ዕድሜ ልኬን ስመርቅዎ እኖራለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ በሰላምታ ስዘጋ ለኖርኩት ለእኔ፣ የራሴን መዝጊያ ማግኘት ከበደኝ፤ ስለዚህ ከማይታዘዝ እጅ፣ ከማይተኛ ልብና ቢሮዎን ከሚመጥን ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

የቀድሞው የገጽ አራት ተቀባይ፣
የልጅቷ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፊርማዬን ሰርዣለሁ። እኔ ልጄን የምቀበለው መንገደኞች በሚወጡበት በር፣ ሻንጣዋን ራሷ እየጎተተች ስትመጣ ብቻ ነው። ጸሐፊዎ ሣጥኗ ባዶ ከሆነች ፎርሙ አያልፍም ስላለችኝ፣ የክቡርነትዎን ሙሉ ስም አሳምሬ በታይፕ ሞልቼበት፣ የፊርማውን ቦታ ብቻ ትቼ ፎርሙን በፖስታ ልኬልዎታለሁ። አይደንግጡ፣ ለፎርማሊቲ ነው።