እማዬ፣ ያ ሄደር አሁንም ይጮኻል

ለእማዬ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብል መልስሽን አልሰማም፤ ዝም እንዳልል ደግሞ አንቺ ዝምታ አትወጂም። ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የቡራዩ ጭቃ ደርቆ አቧራው ተነስቷል፤ እኛም ደህና ነን።

ደህና መሆናችንን እንድታምኚ ትልቁን ወሬ ላስቀድም፤ አባዬ መንጃ ፈቃድ አወጣ። አዎ፣ ያ አንቺ ስትነጂ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ «ቀስ! ቀስ!» ሲልሽ የነበረው ሰው። ደጋግሞ ወድቆ በመጨረሻ አለፈ። እሁድ እሁድ ዲኤክስ መኪናሽን አስነስቶ እስከ ገፈርሳ ግድብ ይሄድና ይመለሳል፤ ሦስተኛ ማርሽ ግን እስካሁን አልደፈረም። አንድ ጊዜ ለመኪናዋ ገዢ መጥቶ ነበር። አባዬ ሞተሩን አስነስቶ ድምጿን አሰማው፤ ሰውየው አመስግኖ ወጣ። አባዬ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ። ጎረቤታችን ፎቅ ሠርተዋል፤ ልብስ ማድረቂያችን ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የለም። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

ትናንት የሄደሩ ጋስኬት ተበልቶ ጭሱ በኮፈኑ ስር ሲወጣ እኔው ራሴ ቀየርኩት። ኮፈኑን ከፍቼ ያችን የተጎደጎደች ቱቦ ሳያት ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ገብቼ እጄን ታጠብኩና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ትዝ ይልሻል? የሱሉልታን ወተት ጭነሽ ወደ እንጦጦ ስትወጪ ሚኒባሱ ሁሉ ይቀድምሽ ነበር። አንድ ቀን የጭድ መኪና ቀደመሽ። ያን ቀን ቤት ስትገቢ ፊትሽ ጠቁሮ ነበር። በሳምንቱ ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ አንድ ካርቶን ይዘሽ መጣሽ። በውስጡ አራት ረጃጅም ቱቦዎች እንደ እባብ ተጠማዝዘው አንድ ላይ የተጋጠሙበት ብረት ነበር። «ሄደር ይባላል» አልሽን። «ሞተሩ ጭሱን ቶሎ ከተፋ ጉልበት ያገኛል።» አባዬ ካርቶኑን አገላብጦ አየና «መኪናዋ መች ታፈንኩ አለች?» አለ።

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ይወስዳል ተብሎ ከቡራዩ እስከ ሰበታና ሱሉልታ ሕዝቡ የተነሳበት ነበር። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልክ ሲጠፋ ሲመጣ፤ ለቅሶ የተቀመጡ ቤቶችም ነበሩ በሰፈራችን። ወተት መጫን ስላልቻልሽ እጅሽ ሥራ ፈቶ አላስቀምጥሽ አለ። «በይ ካቻቢቴውን አምጪ» አልሽኝ።

የድሮው የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ቡሎኖች ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነው ነበር። በኦሮምኛ ለመንሻቸው፣ በአማርኛ ሰደብሻቸው። በመጨረሻ ስንፈነቅለው ጆሮው ተሰነጠቀ፤ መመለሻ የለንም ማለት ነው። ሄደሩ ደግሞ ቡሎን ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ አልገጥም ብለው ሞረድናቸው። ሲገጥም ዘለልሽ። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ ስታዞሪ «ቋ!» አለና ተያዘ። የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ኋለኛውን ቱቦ እየመታ ነው። አንቺ መኪናው ስር ተጋድመሽ ብዙ ቆየሽ። ከዚያ ድምፅሽ መጣ፤ «ያ ረቢ! እስቲ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል እዪልኝ፤ መሪው በየት በኩል ነው?»

በቀኝ ነበር። ሄደሩ የተሠራው መሪያቸው በቀኝ ለሆነ አገሮች መኪና ነው። በእነሱ መኪና ያ ቦታ ባዶ ነው፤ በእኛ ግን መሪው ያልፍበታል። አባዬ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንቺም ከስር ሆነሽ ሳቅሽ።

ሳቁን ያቆመው ከሱሉልታ የተደወለው የአክስቴ የጫልቱ ስልክ ነው። ታላቅ እህትሽ ሁለት ዓይኗ በሞራ ተጋርዶ ላሞቿን በድምፅ ብቻ መለየት ከጀመረች ቆይታ ነበር። በዚያው ሰሞን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ነበሩ፤ የእሷም ተራ ለሐሙስ ተቀጠረ። ታክሲ ግን ወደ ሱሉልታ አይወጣም። «ተይው እህቴ፣ እግዜር ካለ ሌላ ጊዜ» አለችሽ። ሐኪሞቹ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ እናውቃለን። ስልኩን ዘግተሽ ሞተሩን አየሽው፤ የዚያን ጊዜ ፊትሽ ላይ ፀፀት አየሁ። ደህናውን መኪና አንቺው ነሽ የፈታሽው።

ግን አልተቀመጥሽም። ከጓዳ ሊጥ ቆርሰሽ አመጣሽና ቱቦው ላይ ለጠፍሽው። መሪውን ስታዞሪ መጋጠሚያው ሊጡን ተጭኖ የት ላይ፣ ምን ያህል እንደሚነካ አሳየን። በዚያ ቦታ ላይ በእኔ ቀይ የጥፍር ቀለም አከበብሽበት። ሄደሩን ፈትተሽ በነጠላ ጠቀለልሽና «ዓለም ገና ኦቦ ለሜሳ ጋ እንሄዳለን» አልሽኝ። በያጁን ኦቦ ለሜሳን ከልጅነትሽ ታውቂያቸዋለሽ።

ታክሲ ባለበት በታክሲ፣ በሌለበት በእግር ሄድን። ዓለም ገና መግቢያ ላይ ወታደሮች አስቆሙን። ከነጠላው ጫፍ ቱቦ ብቅ ብሎ ነበር። አንዱ ጠመንጃውን አስተካክሎ «ማዘር፣ ምንድን ነው የያዙት?» አለሽ። አንቺ ቀስ ብለሽ ነጠላውን መሬት ላይ ዘረጋሽው።

«የመኪና ጭስ ማውጫ ነው፤ አልገጥም አለኝ ልጄ።»

ቁጢጥ ብሎ አገላበጠው። ቀዩን ቀለም አየና «ይሄስ?» አለ።

«የልጄ የጥፍር ቀለም። እዚህ ጋ መሪውን ይነካብኛል።»

ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ጥፍሬን አየ፣ ከዚያ ሳይፈልግ ፈገግ አለ። «ይለፉ» አለ። «በጊዜ ግን ተመለሱ።» ጥቂት እንደራቅን እጄን ያዝሽ። ኦቦ ለሜሳ ደጅ እስክንደርስ አልለቀቅሽኝም። ያን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺ ለራስሽ እንኳ።

ኦቦ ለሜሳ መብራት ጠፍቶባቸው ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘናቸው። «መብራት የለም» አሉሽ። «እርስዎ ደግሞ መች ለማጎድጎድ መብራት ይፈልጋሉ? በጋዙ ያግሉልኝ» አልሻቸው። ቱቦውን አግለው፣ ክብ ብረት አስደግፈው፣ በመዶሻ እየመቱ ያከበብሽበትን ቦታ ወደ ውስጥ አጎደጎዱት። የጥፍር ቀለሙ ተቃጥሎ ሲሸት ሁለታችሁም በኦሮምኛ የተባባላችሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ቤት ተመልሰን ስንገጥመው በቱቦውና በመሪው መካከል ትንሽ ጣቴ አለፈች። መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረ። የሄደሩ ጫፍ ግን ከአሮጌው የድምፅ ማፈኛ፣ ከማርሚታው ጋር ሳይደርስ ቀረ፤ ክፍተቱን በቆርቆሮ ጠቅልለሽ በሽቦ አሰርሽው። ስታስነሺው የጎረቤት ውሾች በሙሉ ጮኹ። አባዬ ጆሮውን ይዞ «ይኼ ጉልበት ነው ጩኸት?» አለ። «ሁለቱም» አልሽው።

ሐሙስ ጠዋት እንጦጦን ስንወጣ ዲኤክስ በረረች። ዕድሜ ልክሽን የጠበቅሽው ቀን ነበር፤ መንገዱ ላይ ግን የምትቀድሚው አንድም መኪና አልነበረም። ተናደድሽ! ወደ ሱሉልታ ስንወርድ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ድምፃችንን የሰሙ ወጣቶች ወደ ባሕር ዛፉ ሲሮጡ አየናቸው። ሞተሩን አጥፍተሽ ወረድሽ። «ልጆቼ፣ እኔ ነኝ! የወተቷ!» ብለሽ በኦሮምኛ ተጣራሽ።

አንድ በአንድ ብቅ አሉ። «አዴ፣ የወታደር መኪና መስሎን እኮ ነው!» አለ አንዱ፣ ገና እያለከለከ። የእህትሽን ዓይን ነገርሻቸው። ድንጋዩን እያነሱ «ደርባ፣ እለፉ» አሉን። ያው ልጅ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ስትመለሱ አትቁሙ፤ ድምፁን ስንሰማ እናነሳለን» አለሽ። አክስቴን ይዘን ስንመለስ እውነትም መንገዱ ክፍት ሆኖ ጠበቀን።

በማግስቱ የአክስቴ ፋሻ ሲፈታ አጠገቧ ነበርን። ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች። መጀመሪያ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ አንቺን። ረጅም ጊዜ አየችሽ። እኔ እንባዬ መጥቶ ነበር።

«አረጀሽ እኮ!» አለችሽ።

አንቺ ከሳቅሽ ብዛት ወለሉ ላይ ተቀመጥሽ፤ ነርሷ ታመምሽ ብላ ውኃ አመጣች።

እማዬ፣ በቀብርሽ ቀን የሕይወት ታሪክሽን ያነበቡት ሰው «ትሑት፣ ዝምተኛና ረጋ ያለች እናት ነበረች» አሉ። አባዬ በክርኑ ጎሸመኝ፤ እኔም ጎሸምኩት። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ሁለታችን ነጠላችንን አፋችን ላይ ይዘን ሳቃችንን ዋጥን። የዚያን ዕለት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ አሁን ለአንቺ ልድገመው። ሌላው እንደፈለገ ያሳምርሽ። እኔ የማስታውስሽ በትክክል ነው፤ ግትር፣ ፈጣን፣ ጩኸታም፣ ክንድሽ እስከ ክርኑ ግራሶ፣ በሁለት ቋንቋ ቡሎን የምትሳደቢ። ከዚያ አንዲት ቃል አልቀንስም።

ልጅሽ