በእጄ ለመቆም እስከ ዓርብ

ሰኞ

ወደቅሁ። ዛሬ ብቻ አምስት ጊዜ። አራቱ በጀርባዬ፣ አንዱ በምኔ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ የስፖርቱ መምህር ሲዛወር ክፍለ ጊዜውን ለእኔ ሰጡኝ። መጽሐፉ ላይ ጂምናስቲክ አለ፣ ሴቶቹ ልጆች ወደዱት፣ ወላጆች ሰሙ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጥጋቡ መጡና «አንገታቸው ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው? ዓርብ እንመጣለን፤ መጀመሪያ እርስዎ በእጅዎ ይቁሙና እንይ» አሉኝ። ካልቻልኩ ጂምናስቲክ ለሴቶቹ ይከለከላል። ምላሴ ቀደመኝና «እሺ» አልኩ። በእጄ ቆሜ አላውቅም! ያስተማርኩት እስከ መንከባለል ድረስ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ከትምህርት በኋላ፣ የትምህርት ቤቱ ባዶ መጋዘን ውስጥ። ከተማችን ገንዳ ውሃ በዚህ ወር ምድጃ ናት፤ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ አይነገርም። ከልጆቹ ጋር የማሽላ ገለባ የጠቀጠቅንባቸውን ጆንያዎች ደርድሬ እግሬን ወደ ግድግዳው ወረወርኩ። ክንዴ ታጠፈ። አፍንጫዬ ገለባ ሞላ።

ቀና ስል ጥበቃው ጋሽ ሞላ በር ላይ ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን መኪና ላይ ኩንታል ሲጭኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አልሳቁም። «ኩንታል ተሸክመህ በጣውላ ወደ መኪናው ስትወጣ እግርህን ካየህ አለቀልህ» አሉኝ። «ዓይንሽን አንድ ቦታ ትከይ፣ የኔ ልጅ። ክንድሽም አይታጠፍ።»

ረቡዕ

ቆምኩ! ግድግዳ ተደግፌ፣ ግን ቆምኩ። ጋሽ ሞላ እስከ ስምንት ቆጠሩ። ግድግዳውን ስለቅ ሁለት እንኳ አልደርስም። ዓርብ ደግሞ ሜዳ ላይ ነው።

የሚያስፈሩኝ፦ አንገቴ። አቶ ጥጋቡ። ጉልበቱ ላይ የተቀደደው ቱታዬ። ከሁሉም የባሰችው ብርቱካን፣ የአቶ ጥጋቡ ልጅ። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ አባቴ ጂምናስቲኩ እንዲቀር ነው የሚፈልገው። እርስዎ ግን ይችላሉ፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ ብዬ ዋሸኋት።

ሐሙስ

የእጄ አንጓ አብጧል፤ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ይቅርብኝ ልል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ፤ መፍራቴን ለመናገር እንኳ የምፈራ።

አከራዬ እትዬ ዘነቡ የሰሊጥ ዘይት አሙቀው አሹኝ። እዚህ አገር ለወለምታም ለጉንፋንም መድኃኒቱ እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሻል አለኝ።

ዓርብ

ጠዋት ልወጣ ስል እትዬ ዘነቡ «ትንሽ ልድገምልሽ» ብለው እስከ መዳፌ አሹኝ። በቱታዬ ጠረግ አድርጌ ሮጥኩ። የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ዘይት እንደሚያንሸራትት ጠፋኝ!

ኮሚቴው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ጆንያዎቹ ላይ የመኪና ሸራ ተነጥፏል። እጄን ሳሳርፍ ሸራው ላይ ሙልጭ አለ። በትከሻዬ ወደቅሁ፤ ድምፁን ሁሉም ሰማ። አቶ ጥጋቡ ብድግ አሉ። እንባዬ መጣ።

«አፈር! እጅሽን በአፈር እሺው!» ጋሽ ሞላ ናቸው፣ ከዳር። ጫኞች እጃቸውን ሲያልባቸው እንዲህ ያደርጋሉ። ጥቁሩን አፈር ዘግኜ መዳፌን አሸሁ። ሸራው ላይ ያለች እራፊ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። እግሬን አነሳሁ። ልጆቹ ሲቆጥሩ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስት ላይ ወረድኩ።

አቶ ጥጋቡ አላጨበጨቡም። መጥተው ጆንያዎቹን በእግራቸው ጫን ጫን አደረጉ። «እኔ የፈራሁት መቆሙን አይደለም፣ መውደቁን ነበር» አሉ። «እሱንም አየሁት። አንገትዎ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ይሁን እንግዲህ» ብለው ሄዱ። ይሁን ምን ይሁን? ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

አሥር ሰዓት ላይ ብርቱካን ቤቴ መጣች፤ ሁለት ባዶ ጆንያ ታቅፋለች። «አባቴ ነው የላከው። ገለባ ሙሉባቸው፣ የተነጠፈው ሳስቷል ብሏል።»

ትከሻዬ ይጠዘጥዘኛል። ሰኞ መጀመሪያ የማስተምራቸው አወዳደቅ ነው።