ቀይ ያየች ዶሮ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ባልዲ ባነሳሽ ቁጥር ይይዝሻል? እማማስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? መነጽሩን ታደርገዋለች ወይስ ለእንግዳ ብላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? አባባን ሳሉ ለቀቀው? ጉልበቱ ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ መናገሩን እንዳልተወ እገምታለሁ። ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቶቻችንም ሁሉ ደኅና መሆናችሁን ልስማ እንጂ ሌላ አልፈልግም። እኔ በአካል ደኅና ነኝ። በአካል ያልኩት በምክንያት ነው፤ ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

አራት ወር ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ታምሜ አይደለም፤ ረስቻችሁም አይደለም። ስልኩ ሲጮህ ቁጥርሽን አያለሁ፣ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ድምፅሽን ከሰማሁ መዋሸት አልችልም፤ እውነቱን ለማውጣት ደግሞ አፌ እንቢ አለኝ። በወረቀት ከሆነ ሳታቋርጪኝ እስከ መጨረሻው እናገራለሁ ብዬ ነው። መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እንደምታውቂው ሥራዬ የእንቁላል ዶሮ መጠበቅ ነው። ግቢው ውስጥ አራት ረጃጅም የዶሮ ቤቶች አሉ፤ ሦስተኛው የእኔ ነው። ጠዋት መኖና ውኃ አያለሁ፣ የሞተ ካለ አወጣለሁ፣ ከዚያ እንቁላል እለቅማለሁ። ዶሮ ጅል ናት የሚል ሰው አብሯት አልዋለም። እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ኃይለኛዋ ስትመጣ ደካማዋ ዞር ትላለች፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ በመካከላቸው ደም አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና የአራተኛውን ቤት ጣሪያ ገንጥሎ ጣለው፤ አጠገቡ የነበረውን የሠራተኞች መኝታም አልማረውም። አለቃችን ጣሪያው እስኪጠገን ብሎ የአራተኛውን ዶሮዎች እኔ ቤት አስገባቸው፤ ሠራተኞቹን ደግሞ እኛ ክፍል። ለስድስት ሰው በተሠራ ክፍል ውስጥ አሥራ ሦስት ሆንን። መታጠቢያው አንድ፣ መስኮቱ አንድ። ጫማ ማስቀመጫ ስለጠፋ ትራሳችን ሥር እናደርገው ነበር። ለጊዜው ነው ተባልን። ጊዜው ሁለት ወር ሞላው።

በዘጠነኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጀርባዋ ላይ አንድም ላባ ያልቀረላት ዶሮ አየሁ። ጓደኞቿ ነጭተዋታል። ይሻላታል ብዬ አለፍኳት። በማግስቱ ጥግ ላይ ወድቃ አገኘኋት፤ አሥራ አምስት የሚሆኑ ከበዋት ከኋላዋ አንጀቷን እየጎተቱ ይበሉታል። አልሞተችም እኮ እትዬ። ዓይኗ ይከደናል፣ ይገለጣል። ከሚጎትቱት አንዷ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ነበረች፤ ሁልጊዜ ከእሷ ጎን የምትተኛው።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። በቀን ሃያ ሬሳ፣ ሠላሳ፣ አንድ ቀን ስልሳ ሦስት አወጣሁ። ከቆሰሉት የማትድነዋን አንገቷን ጠምዝዤ ባልዲ ውስጥ እጥላለሁ። መጀመሪያ ቀን ምሳ አልበላሁም። በሳምንቱ ጣቶቼ ሥራውን ያለ እኔ ይሠሩት ጀመር። እኔ ስለ ምሳ እያሰብኩ እጄ አንገት ይሰብራል።

ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣ የእንስሳት ሐኪም አለች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ነገር የማታለባብስ ሴት ናት። ቤቱን ዞራ ዞራ አየችና፣ «እነዚህ አልተራቡም፤ ክፉም አልሆኑም። ደካማዋ ዞር የምትልበት ቦታ ነው ያጣችው። ቦታ ስታጣ ይነክሷታል፤ ደሟን ሲያዩ ደግሞ ምንም ያላሰበችውም እየሮጠች ትመጣለች። ቀይ ካዩ አይመለሱም» አለችኝ። ግማሾቹ ካልወጡ መፍትሔ የለውም ብላ ለአለቃው ነገረችው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መንቁራቸውን እንድንቆርጥ አዘዘ። ሦስት ቀን ሙሉ በጋለ ምላጭ መንቁር ስንቆርጥ ዋልን፤ የተቃጠለ ጥፍር የመሰለው ሽታ ከፀጉሬ አልለቅ አለኝ። በተቆረጠ መንቁራቸውም ተናከሱ። ሐኪሟ በቆሰሉት ላይ የምንነፋው ሐምራዊ መድኃኒት ሰጠችኝ። ቁስሉን ከማዳኑ ይልቅ ቀዩን መሸፈኑ ነው የሚጠቅመው አለች።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ከአራተኛው ቤት ከመጡት አንዱ እንቁላል በመጠን የሚለየው ነበር። ቅጽል ስሙ ይቅርታ ነው። እግሩን የረገጥሽው አንቺ ብትሆኚም ይቅርታ የሚልሽ እሱ ስለሆነ ነው የወጣለት። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ማንንም ያልነካ ሰው። ሌላው ጠርቡ የምንለው ነው፤ የመኖ ጆንያ ሁለት ሁለቱን የሚሸከም፣ በሩን በጎኑ የሚያልፍ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ይቅርታ አልጋ ላይ ውኃ ተደፋ፣ ጫማው ጣሪያ ላይ ተጣለ። ቀጥሎ ጠርቡ መታጠቢያው በር ላይ አንገቱን ይዞ ግድግዳ ላይ አጣበቀው። ይቅርታ ፊቱ ጠቁሮ እግሩ ሲወራጭ እኛ ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። በነጋታው ጥፊ ሆነ፤ ከነጋታው ማግስት ማንም ያለፈ የሚያቀምሰው ነገር ሆነ። ሌላው ቢቀር ሥራ ውሎ የደከመው ሰው እሱን መትቶ ነበር የሚቀመጠው። ጥግ ላይ ካለው አልጋው ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

አንድ ማክሰኞ ይቅርታ የእንቁላል ትሪ ተሸክሞ ሲመጣ አዳለጠውና ቁልሉ ሁሉ ወለል ላይ ፈረሰ። አለቃው ተቆጥቶ የሁላችንንም የምሳ እረፍት ከለከለ። ሥራ ጨርሰን ወደ ክፍላችን የገባነው ርቦን፣ አስኳል ከቦት ጫማችን እየተንጠባጠበ ነው። ይቅርታ በተለመደው ድምፁ «ይቅርታ» አለ። ጠርቡ አፉን በቡጢ አለው። ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ደሙ በነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ።

እትዬ፣ እንዲህ ነው የሆነው። ደሙን ስናይ ሁላችንም ተነሣን። የሰደበን፣ የበደለን የለም፤ ማንም «በሉት» አላለም። አንዱ እንቁላል በምንለቅምበት የሽቦ ባልዲ ጭንቅላቱን መታው፣ ወደቀ። ከወደቀ በኋላ ነው ሁሉም የመጣበት። እኔ ሦስት ጊዜ ረገጥኩት። ሁለቱን ጎኑ ላይ፤ ሁለተኛው ሲያርፍ ውስጡ የሆነ ነገር ሲሰበር በጫማዬ ተሰማኝ። ሦስተኛው ፊቱ ላይ ነው። ተናድጄ ነበር ብልሽ ውሸቴን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ያስቆመችው ሐኪሟ ናት። ጩኸት ሰምታ ገባች። «ተዉ!» ብላ ብትጮህ የሚሰማት ስታጣ መሐላችን ጥሳ ገብታ ላዩ ላይ ተኛችበት። ለእሱ የተሰነዘረ አንድ ምት ጀርባዋ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ነው የነቃነው። ቀና ብላ አንድ በአንድ አየችን፤ «ውጡ። በሩን አታዩትም? ውጡ!» አለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ከመጀመሪያውም ክፍት ነበር።

ይቅርታ ሦስት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ግራ ዓይኑ ጠፋ። አለቃው ከመሰላል ወድቆ ነው የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ አስፈረመን። ሁለተኛው ፈራሚ እኔ ነኝ። በሳምንቱ ሰኞ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ግማሽ ፊቱ ታሽጓል። በቀረው ዓይኑ አየኝና፣ «አንተም ነበርክ» አለኝ። ነበርኩ አልኩት። «አውቃለሁ። ቦትህ ጎን ላይ የለጠፍኩልህን ጎማ አይቼዋለሁ» አለ። ቦቴ ተቀድዶ ውኃ ሲያስገባ በአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ቁራጭ ጎማ የደፈነልኝ እሱ ነበር፤ ረስቼው ነበር እትዬ። ያን ቀን ይቅርታ አላለኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሆስፒታሉ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ወረቀቱ ውሸት መሆኑን፣ ማን በምን እንደመታ፣ እኔ ስንት ጊዜ እንደረገጥኩ ተናግሬ ፈረምኩ። ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ይቅርታን ከመቱት ሁለቱ ከመኖ መጋዘኑ ኋላ ጠበቁኝ። አንድ ጥርሴን አወለቁት። ችዬ ዝም አልኩ ብዬ ጻድቅ አልሆንብሽም፤ መለስኩ። አንዱን አፍንጫው ላይ መታሁትና ደሙ ፈሰሰ። ያን ቀይ ሳይ እጄ ራሱን ችሎ እንደገና ወደዚያው ተነሣ፤ ያ ደስታም መጣ። ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? እጄን ብብቴ ሥር አጥብቄ ይዤ ሮጥኩ። እየሰደቡኝ፣ ፈሪ እያሉኝ ሮጥኩ። ሐኪሟ መኪና አጠገብ ደርሼ ነው የቆምኩት።

አሁን ጠርቡም ሌሎቹም ታስረዋል። እኔ ራሴ ስለቀረብኩ ቀጠሮዬን ውጭ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ የፊታችን ሰኞ ነው። እንደሚፈረድብኝ ነግረውኛል። የዶሮዎቹን ግማሽ በመጨረሻ አወጧቸው። በአሥር ቀን ውስጥ መናከሱን ተዉ፤ ላባቸው እየበቀለ ነው፤ ያቺ ባለ ነጠብጣቧም ከሌላ ዶሮ ጎን ተኝታ አየኋት። ሐኪሟ ለእኔ አዝና ይመስለኛል፣ «ሰውም ሲጨናነቅ እንደዚያው ነው» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን አልተቀበልኳትም። ዶሮዎቹ በሩ ከውጭ ተዘግቶባቸው ነበር። ደግሞ ለየትኛዋም ዶሮ፣ የምትበላት ጓደኛዋ ጫማ ጠግናላት አታውቅም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አባባ ያውቅበታል፤ ወረቀቱን ስጪው፣ ራሱ ያንብበው። ለእማማ ግን አንቺ ንገሪያት፤ ለስለስ አድርገሽ እንዳይሆን። «ተጣልቶ ነው» እንዳትያት፣ የረገጥኩት ሰው ከእኔ ጋር አልተጣላም። ሰዎቹ አሳስተውት ነው እንዳትያትም። የወደቀ ሰው ረገጠ በያት። ከዚያ በኋላ ልትጽፍልኝ ከፈለገች ትጻፍልኝ።

ለእማማ ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት፤ መነጽሩን ታውጣውና ታድርገው። ለአባባ ጤና ይስጥልኝ፤ ብርድ ልብሱን አይጣል። ባለቤትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዳትተው፤ መንታዎቹን ሳታበላልጪ እኩል እኩል ሳሚልኝ፣ አለዚያ ይኮራረፋሉ። ታናሻችን እኔ ጋ መጥቶ መሥራት እንደሚፈልግ ጽፈሽልኝ ነበር። አይምጣ። እንዲያውም ይህን ደብዳቤ ስጪውና ጮክ ብሎ ያንብብልሽ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከዶሮ እርባታው ግቢ፣ ከሦስተኛው ቤት ደጃፍ
ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን