ድንጋዩን የተሸከምኩ ቀን

ኅዳር 3
የመጽሐፌ የሁለተኛው እትም እርማት ደረሰ። ምዕራፍ ሦስት... ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጻፍኩት። «ሕግ ፊት አያይም። ጭካኔው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ግን ያውቅሃል።» ዛሬም ወደድኩት። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቴ የሙሉመቤት የስፌት መኪና ይሄዳል። ዝናብ እየመሰለኝ አንቀላፋሁ።

ኅዳር 8
ዘሚካኤል መጣ፤ የሙሉመቤት ሟች ባል ወንድም። የምትሰፋበትን የመንገድ ዳር ክፍል «የአባቴ ነው» ይላል። እንደ ታላቅ ወንድም «ኣያ» እያለ ሽማግሌ እንድሆን ለመነኝ።
«ኣያ ሃይለማርያም፣ ፍርድ ቤት ምን ያውቃል? እርስዎ ራስዎ ጽፈውት የለ!»
አንብቦኛል ማለት ነው? ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ?

ኅዳር 12
ሙሉመቤት ክፍሉን አልለቅም አለች። ሦስታችን ሽማግሌዎች ደጃፏ ላይ ድንጋይ ተሸከምን። ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው። አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ነበር... የሚታየኝ የራሴ ጫማ ብቻ። ድምጿ ከላይ መጣ፤ «እሺ። አውርዱት።» ክፍሉን ለዘሚካኤል እንደምትለቅ ፈረመች። ተመራረቅን።

ኅዳር 13
ግድግዳው ዝም ብሏል።

ኅዳር 21
በሕልሜ ችሎቱን ውሃ ሞልቶታል። ዳኛው ፊት የለውም። እሱን አልፈራሁም... የፈራሁት ድንጋይ ተሸክመው ወደ እኔ የሚዋኙትን።

ኅዳር 26
ሙሉመቤት በር ላይ አገኘችኝ።
«መምህር፣ አንገትዎን ተሻለዎት?»
«አላመመኝም።»
«እኔ እኮ ያን ቀን አለቅስ ነበር። አላዩም?»
አላየሁም። አጎንብሼ ነበር። ያውቅሃል ብዬ የጻፍኩት ሽማግሌ... እኔ ነኝ።
ዘሚካኤልን ፍርድ ቤት ከሳለች። በጫና ነው የፈረምኩት ብላ። ምስክር ትፈልጋለች። «ሌሎቹ አይሆንም አሉኝ። እርስዎስ?» ሰፈሩ ምን ይላል? መጽሐፉስ? «ላስብበት» አልኳት። ፈሪ።

ታኅሣሥ 5
ዓዲ ሓቂ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ስለ ሊበራሊዝም ሳስተምር ዋልኩ። «ሰውን ከዘመዱ ነጥሎ ብቻውን ያቆመዋል» ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ ቃሉ አፌ ላይ ተያዘ። ብቻዋን መቆም የፈለገችስ? ያውም በራሷ ክፍል? ተማሪዎቹ እስክሪብቶአቸውን አንሥተው ጠበቁኝ... ቀጥሎ ያልኩትን አላስታውስም። ስመለስ በሯን አንኳኳሁ።
«ስሜን አስመዝግቢው።»
«እስኪያስቡበት ጸጉሬ ሊሸብት ነበር!» አለች። አልሳቀችም ግን።

ጥር 14
ችሎት። ዳኛዋ ትምኒት! የድሮ ተማሪዬ፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትከራከረኝ። ፈገግ አልኩላት። እንደማታውቀኝ አየችኝ።
«ስም? ሥራ?»
ቀዘቀዝኩ። መምህር አልኩ።
«ድንጋዩን ተሸክማችሁ እያለ እምቢ ማለት ትችል ነበር?»
«አትችልም።»
«ይህን ያኔ ያውቁ ነበር?»
ከኋላዬ ዘሚካኤል ሲያስል ሰማሁ። ጫማዬን አየሁ... ያው ጫማ።
«አውቅ ነበር።»

የካቲት 2
ስምምነቱ ፈረሰ። ክፍሉ የማን እንደሆነ ክርክሩ ገና ነው፤ እስኪወሰን ግን ትሰፋበታለች። ዘሚካኤል መንገድ ላይ ሰላምታዬን አልመለሰም። ኣያ የሚለኝ ሰው አጣሁ... ይከብዳል።
ትምኒትን አስባለሁ። ፊቴን አይታ ቢሆን ኖሮ ታፍርልኝ ነበር። «ያኔ ያውቁ ነበር?» ብላ አትጠይቀኝም ነበር።
እርማቱን ከፈትኩ። «ሕግ ፊት አያይም።» ተውኩት። ከሱ በኋላ ያሉትን ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሰረዝኩ። በቦታቸው ምን እንደምጽፍ ገና አላውቅም። ከማዶ የስፌት መኪናው ተነሣ። ዝናብ አልመሰለኝም።